ይድረስ የሃረናን አደራ ለተቀበላችሁ

በደን፣ በዱር እንስሳት፣ በቱሪዝም፣ በመንገድና በአስተዳደር ወንበር ተቀምጣችሁ ስለ ሃረና ለመወሰን ሥልጣን ለተሰጣችሁ፣ በፌዴራል፣ በክልል፣ በዞንና በወረዳ ላላችሁ ኃላፊዎች ሁሉ፤

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ባሌ ጎባ ተወልዶ ያደገ፣ እንግዳ እየመራ ከሳነቴ ሜዳ ወደ ሃረና ደን በመውረድ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው። ኀዘንተኛ ነኝ። የማዝነው ገና ነፍሱ ላልወጣ ነው፤ ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚሁ ነው። ከሳነቴ ገደል ሥር የሚጀምረው የአስታ ጫካ በየበጋው ይነዳል። ከሪራ መንደር በታች ያለው ትልቁ ደን በምሳርና በሰደድ እሳት ከውስጡ እየሳሳ ነው። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያይ አሁንም አረንጓዴ ነው፤ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ያለ ግን ጉቶና የከሰለ ግንድ ይጠብቀዋል።

መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እናንተ የደስታ መግለጫ አወጣችሁ፤ እኛም እዚህ ተደሰትን። ከልቤ ነው የተደሰትሁት። አገራችን እስከዚያ ቀን በተፈጥሮ ቅርስነት ያስመዘገበችው የስሜን ተራሮችን ብቻ ነበር። ባሌ ሁለተኛ ሆነ። ግን የስሜንን ታሪክ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በፈረንጆቹ 1978 ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ ከዚያ ለመውጣት እስከ 2017 ድረስ ሃያ አንድ ዓመት ፈጀበት። የምዝገባ ወረቀት ዛፍ እንደማይጠብቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከመካከላችሁ ሃረናን በፎቶግራፍ እንጂ በእግሩ የማያውቅ ይኖራል። ለእርሱ ስል መንገዱን ላውርደው።

ከጎባ ሲነሡ መጀመሪያ ጽድና ኮሶ ነው። መኪናው ሽቅብ ሲጎተት ዛፉ እያጠረ፣ ብርዱ እየጠነከረ ይሄዳል። አስታው ያልቅና ሳነቴ ይከፈታል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ ሜዳ፣ ጅብራ በየቦታው ቆሞበት፣ ትንንሽ ሐይቆች ተበታትነውበት። እዚህ ነው እንግዳው መስኮት ዝቅ አድርጎ ትንፋሹን የሚውጠው፤ ቀይ ቀበሮ፣ እኛ ጀደላ ፈርዳ የምንላት፣ ከመንገዱ ዳር ፍልፈል እያደባች ትታያለች። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች አምስት መቶ ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። በስተቀኝ ቱሉ ዲምቱ አለ፣ 4,377 ሜትር። ሰው እዚያ ድረስ በመኪና ወጥቶ፣ ከአገሪቱ ከፍተኛ ተራሮች በአንዱ ላይ ቆሞ፣ ከዚህ በላይ ምን ይታያል ብሎ ያስባል።

ከዚያ ሜዳው በድንገት ያበቃል። ያለምንም ማስጠንቀቂያ እግር ሥር ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ደመና፣ ከደመናው ሥር ሃረና። ብዙ አገር ያየ እንግዳ፣ ካሜራውን ሁለት ጊዜ ያነሣና መልሶ ያወርደዋል፣ በፎቶ እንደማይያዝ ይገባዋልና። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ አስታው ዛፍ ሆኖ ይቀበላል፤ ከላዩ የዛፍ ሽበት ተንዠርግጓል፣ ግንዱ በሙሉ ሽበታም ነው፣ ጉም በመሐሉ ይመላለሳል። ቀጥሎ ሪራ። ከሪራ በታች ኮሶና ጌተም፣ ከዚያም ዝግባ፣ ዶቅማ፣ ዋንዛ፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ ቀርከሃ ውስጥ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ ደጋ በቀር የማትገኘው የባሌ ጦጣ። ካቻን አልፎ ወደ ደሎ መና ሲቃረብ ሙቀቱ ይመጣል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በራሱ በቅሎ ይገኛል። ይህ ሁሉ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ጠዋት ካፖርት የለበሰ እንግዳ ከሰዓት በኋላ እጅጌውን ጠቅልሎ ቡና ሥር ይቀመጣል። ብዙ ዓለም የዞሩ ሰዎች እንዲህ ያለ መንገድ አላየንም ሲሉኝ ኩራት ይሰማኝ ነበር። ዛሬ ያው ቃል ሲነገረኝ ልቤ ይደነግጣል፣ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው አስባለሁና።

ሃረናን ሃረና የሚያደርገው ግን ውበቱ ብቻ አይደለም። ሃረና ሰው ያለበት ደን ነው። ኮሶና ጌተም ሲያብብ የቀርከሃ ቀፎውን በገመድ ተሸክሞ ዛፍ ጫፍ የሚወጣው ሰው፣ ጎዳንቱ በሚሉት ሥርዓት ከብቱን በየወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ደን የሚያዘዋውረው አርብቶ አደር፣ ማዕድን ካለበት ሆራ ላሞቹን የምታጠጣው ልጅ፣ ጭኮ በቅቤ አሽታ ለመንገደኛ የምታቀርበው እናት፣ ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ቆልታ ቡና ቀላ የምታወጣው ባለቤት፣ እንግዳው አገሩ ሲመለስ የሚያወራው ስለእነዚህ ነው። ሰው በባሌ ደጋ መኖር የጀመረው ዛሬም አይደለም። በፍንጫ ሐበራ ዋሻ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,500 ሜትር ግድም፣ ሰዎች ከ47,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ እሳት አንድደው፣ ፍልፈል ጠብሰው እንደኖሩ በፈረንጆቹ 2019 ታትሞ የወጣ የአርኪዎሎጂ ጥናት አረጋግጧል። እስካሁን በታወቀው መረጃ የሰው ልጅ በከፍተኛ ተራራ ላይ የኖረበት ጥንታዊው መኖሪያ እርሱ ነው። ሰውን ከዚህ ተራራ አውጥቶ ተራራውን ማዳን ይቻላል የሚል ሐሳብ የሚመጣባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ወደ ፍንጫ ሐበራ ውጡ።

አሁን ወደ እሳቱ ልመለስ።

የ1992 ዓ.ም. በጋ ትዝ ይላችኋል? ዝናቡ ዘገየ፤ በባሌና በቦረና ደኖች እሳት ተነሣ። ሳምንታት ነደደ። ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ደን በላ። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው በቅጠልና በአካፋ ሊያጠፋው ወጣ። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ የእሳት ባለሙያዎች መጡ። በኦሮሚያ ከተሞች ተማሪዎች መንግሥት ለደኑ አልደረሰለትም ብለው አደባባይ ወጡ። ሰው የቻለውን አደረገ፤ የቀረውን ዝናቡ መጥቶ ጨረሰው። መስከረም 1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ስለ ደን እሳት አያያዝ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ፤ ባለሙያዎች ተናገሩ፣ ጽሑፎች ታተሙ። ከዚያ በ2000 ዓ.ም. በጋ የባሌ ተራሮች እንደገና ነደዱ።

በሁለቱ እሳቶች መካከል ያለፉትን ዓመታት አስቡ። ያን ያህል ጊዜ ለአንድ ተራራ የእሳት ማማ ለማቆም፣ ለሪራ ሰዎች አካፋና ጫማ ለማስቀመጥ፣ ማን ለማን እንደሚደውል ለመወሰን ይበቃ ነበር። ዛሬስ? በጋ ሲገባ ከሳነቴ አፋፍ ላይ ጭስ ሳይ ለማን እንደምደውል አላውቅም። ደውዬ አውቃለሁ። ያነሣው ሰው ጨዋ ነበር፤ ቦታው ከእኛ ክልል ውጭ ነው፣ ለሌላው ክፍል ንገር አለኝ። ሌላውም ወደ ሦስተኛ መራኝ። ማታ ላይ እሳቱ ሸንተረሩን ዞሮ ነበር። የማንንም መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ የሰዎቹም ጥፋት አላደርገውም፣ እያንዳንዳቸው እውነት ነው የነገሩኝ። ጥፋቱ አንድ ደን ለብዙ ወንበር ተከፋፍሎ ሲሰጥ ደኑ ራሱ የየትኛው እንደሆነ ማንም አለመጠየቁ ነው። የፓርኩ አካል የሆነው በፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሥር ነው፤ ከፓርኩ ውጭ ያለው በኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝና በአካባቢው የደን ማኅበራት ይተዳደራል፤ መሬቱ የወረዳ፣ መንገዱ የሌላ፣ ማስታወቂያው የቱሪዝም ነው። በወረቀት ላይ ድንበሩ ይታወቃል። እሳት ድንበር አያውቅም።

ስለ እሳት አንድ ነገር በጥሞና ስሙኝ፤ ብዙ ጊዜ ከላይ ሲነገር ጥፋተኛው እረኛው ብቻ ስለሚደረግ ነው። አስታ ሲቃጠል ከሥሩ ይበቅላል፤ አዲሱ ቡቃያ ለከብት ይጣፍጣል። የባሌ አርብቶ አደር ይህን ከጥንት ያውቃል። ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን በፊት እሳት የሚለቀቀው ተመክሮበት፣ ቦታው ተለይቶ፣ ነፋሱ ታይቶ ነበር፤ አንዱ ጉብታ ዘንድሮ ከተቃጠለ ለዓመታት ይተው ነበር። ከዚያ እሳት በሕግ ተከለከለ። ክልከላው እሳቱን አላቆመውም፤ ምክሩን ነው ያቆመው። ዛሬ የሚለኩሰው ሰው ማታ ለኩሶ ይሮጣል፤ እንዳይያዝ ስለሚፈራ እሳቱን ቆሞ አይጠብቀውም፤ ሳሩ ሁሉ ደርቆ ባለቀበት ወር ይለቀዋል። እሳቱ ከአስታው ወርዶ ወደ ደኑ ሲገባ፣ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየው ኮሶ ከሥሩ አይበቅልም። እርሱ አንዴ ሄደ ማለት ሄደ ነው።

ሪራ ላይ የማውቃቸው አንድ የማር አባት አሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ዛፍ መውጣት ትተዋል፣ ቀፎ ግን አሁንም ይሠራሉ። አንድ ቀን ለምን ሰው ደኑን መጠበቅ እንደተወ ጠየቅኋቸው። «ኢልመ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እኔ ሌሊት ወጥቼ ብጠብቅ፣ ጎረቤቴም ቢጠብቅ፣ በሦስተኛው ቀን መኪና ይዞ የሚመጣውን ማን ይጠብቀዋል?» ከዚህ በላይ አልተናገሩም።

እርሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ የተናገሩት ግን ከእርሳቸው አገር ብዙም ሳይርቅ በጥናት ተረጋግጧል። በፈረንጆቹ 2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በባሌ ኦሮሞ መካከል 49 የደን ተጠቃሚ ማኅበራትን መረመረ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ አንዱ ማኅበር ደኑን ሲያሳድግ ሌላው ለምን ያጠፋዋል? ከመልሶቹ ዋነኛው ይህ ሆነ፤ ሌላው ሲያዋጣ ካየ የሚያዋጣ፣ ሌላው ሲሰንፍ ካየ የሚተው ሰው በብዛት ያለበት ማኅበር፣ ጊዜውን ሰጥቶ ደኑን እየዞረ ይጠብቃል፣ ደኑም የተሻለ ነው። ሰው የሚጠብቀው ብቻውን አለመሆኑን ሲያውቅ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረታችን ባሌ ደን ውስጥ ተቆጥሮ ተገኘ ማለት ነው።

ኃላፊዎች ሆይ፣ ኀዘኔ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሃምሳዎቹ ተሸካሚዎች አንዱ እናንተ ነበራችሁ። የሪራ ሰው ሌሊት እሳት ሊያጠፋ ሲወጣ ዞር ብሎ ያየው እናንተን ነበር። አላገኛችሁም። በጉባኤ ላይ አየ፣ በምረቃ ላይ አየ፣ በቴሌቪዥን አየ፤ በእሳቱ ሌሊት አላየም። ከዚያ እርሱም መውጣት ቀነሰ። ይህን ድህነት አልለውም፤ ድሀ ሆኖ የሚጠብቅ ብዙ አውቃለሁ። አለማወቅም አልለውም፤ ስለ ሃረና ከእርሱ በላይ የሚያውቅ ከእናንተ መካከል የለም። ብቻውን መተው ነው።

ብቻውን ሳይተው ሲቀር ምን እንደሚሆንም ታይቷል፣ ከሃረና በስተሰሜን ምዕራብ፣ ያኔ የባሌ በነበረው ዛሬ በምዕራብ አርሲ ዞን ባለው አዳባና ዶዶላ። በጀርመን ተራድኦ ድጋፍ በተሠራው የደን ሥራ የደን ነዋሪዎች ዋጅብ በሚባል ማኅበር ተደራጁ። ውሉ ግልጽ ነበር። አንድ ማኅበር ሠላሳ አባወራ፣ ቢበዛ 360 ሄክታር ደን፤ ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ተብሎ የተሰላው ደኑ ሊሸከም የሚችለው ታይቶ ነው። ነዋሪው በደኑ ውስጥ የመኖርና የመጠቀም መብቱ ይከበርለታል፤ በምላሹ የዛፉን ሽፋን ሳያጎድል ይጠብቃል፣ ሌላ ሰፋሪ አያስገባም። ጎብኚም በዚያው መጣ። ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አዴሌ፣ ሞሎሊቾና ዱሮ በተባሉ ሥፍራዎች የእንግዳ ማደሪያ ጎጆዎች ተሠሩ፤ እንግዳው በፈረስ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ፈረሱም፣ መሪውም፣ ማደሪያውም የአካባቢው ሰው ነበር። ከጽዱና ከአስታው የሚመጣውን ገንዘብ ጽዱን የሚጠብቀው ሰው በእጁ ሲቆጥረው አየ። ፍጹም ነበር አልልም፤ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ የተዳከመውንም አይቻለሁ። ግን በእኛ ሰው፣ በእኛ ተራራ ላይ ሆኗል። ለሃረና የውጭ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልጋችሁም፣ ከሻሸመኔ ወደ ባሌ ስትመጡ በመንገዳችሁ ላይ ነው።

ተቃራኒውም እዚሁ ደርሷል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም የተነሣው የደጋ አጋዘንንና ቀይ ቀበሮን ለማዳን ነበር። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም አይገኝም፤ ለሳይንስ የታወቀው እንኳ በፈረንጆቹ 1908 አንድ እንግሊዛዊ ባገኘው ጊዜ ነው። ብዙ ባለሙያዎች ደክመውለት ቁጥሩ በፓርኩ ሰሜን ባለው በዲንሾ ጥሩ ደረጃ ደርሶ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ የፓርኩ ሕንፃዎች ተዘረፉ፣ አጋዘኑ ተገደለ፤ በሰሜኑ የፓርኩ ክፍል የቀረው ወደ መቶ ሃምሳ ግድም ብቻ ነበር። ሕዝባችን ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ፓርኩ የመንግሥት ነው ተብሎ ስለተነገረው ነው፤ መንግሥቱ ሲሄድ ባለቤት የሌለው ንብረት መሰለው። ዛሬ የዲንሾ አጋዘኖች ከእንግዳ ፊት ሳይሸሹ ሲግጡ ሳይ፣ ያንን ቁጥር አስታውሼ አልፈራም ማለት አልችልም።

ሌላው ጉዳት የማይታይ ነው፤ የማይታየውን ለማሳየት መሞከሬን ይቅር በሉኝ። ከአስታውና ከደኑ መገናኛ፣ ሳሩ ሥር በእርጥቡ አፈር ውስጥ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ትኖራለች። በፈረንጆቹ 1989 ሳይንስ ስም ሲሰጣት፣ ለባሌ ብዙ በደከመው የዱር እንስሳት ተመራማሪ በክሪስ ሂልማን ስም ተጠራች። በዓለም ላይ ከሃረና የላይኛው ዳርቻ በቀር አልተገኘችም። ከዚያው ደን ጅረቶች የማትለይ ሌላ እንቁራሪትም አለች፣ በስሟ ውስጥ ባሌን የተሸከመች። ሁለቱም በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ናቸው። ሃረናን በስሙ የተሸከመ እስስትም አለ። አንድ የእሳት ሌሊት፣ አንድ የከብት መረገጫ የሆነ ምንጭ፣ እነዚህን ከምድር ገጽ ሊያጠፋ ይችላል፤ ማንም መግለጫ አያወጣም፣ ማንም ለቅሶ አይደርስም። እኔ እንግዳ ይዤ ወደ እነርሱ ቦታ አልሄድም፤ ቦታቸው እንዲረገጥ አልፈልግም። ግን እንዳሉ ልታውቁ ይገባል፣ አደራው የተሰጠው ለእናንተ ነውና።

ስለ ቀይ ቀበሮ ብዙ አልልም፤ ብዙ ተጽፏል። በ1996 ዓ.ም. በዌብ ሸለቆ በገባው የእብድ ውሻ በሽታ ከዚያ አካባቢ ቀበሮዎች አብዛኞቹ አለቁ። በሽታው የመጣው ከሰፈር ውሾች ነው፤ ውሾቹን የሚከትብ ሰው በየዓመቱ በፈረስ ተራራውን ይዞራል። ያንን ሥራ ለሚሠሩት ምስጋናዬን ከዚህ አቀርባለሁ። በሳነቴ መንገድ ላይ ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ ለሚነዱ መኪናዎች ግን መቆጣጠሪያ አድርጉ፤ ያንን ቀበሮ ለማየት እንግዳ ከሌላ አህጉር ይመጣል፣ እኛ በጎማ እንገድለዋለን።

በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ እኔም ተክያለሁ፣ ልጆቼም ተክለዋል፤ በጎ ሥራ ነው። ግን በሐምሌ የተተከለው ችግኝ ቅጠል ሳያወጣ በየካቲት አንድ ጥንታዊ ዝግባ ሲወድቅ ሒሳቡ አይገጥምም። በዚያ ዝግባ ላይ ጌተም ተጠምጥሞበት፣ ሽበት ለብሶ፣ ንብ ሰፍሮበት፣ ከሥሩ ቡና በቅሎ ነበር። ያ ቡና ለዓለም አረቢካ ቡና ከቀሩት ዱር በቀል ምንጮች አንዱ ነው። የሎንዶኑ የኪው ዕፅዋት ተቋም ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2012 ባወጡት ጥናት የዓለም ሙቀት እየጨመረ ከሄደ ዱር በቀል አረቢካ የሚስማማው ሥፍራ እስከ 2080 ድረስ በእጅጉ እንደሚጠፋ አስጠንቅቀዋል። ሙቀቱን ማስቆም ከሪራ ሰው አቅም በላይ ነው። ጥላውን መጠበቅ ግን ከእናንተ አቅም በላይ አይደለም።

ውሃውንም አስቡት። ዌብ፣ ዋቤ ሸበሌ፣ ገናሌ፣ ወልመል፣ ዱማል የሚነሡት ከዚህ ተራራ ነው፤ እስከ ሶማሊያና ኬንያ ድረስ ወደ 12 ሚሊዮን ሰው እንደሚጠጣቸው ይነገራል። ከሮቤ በስተምሥራቅ ከአሥራ አምስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የሶፍ ዑመር ዋሻ የፈለፈለው ያው ዌብ ነው። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ባለ መንታ ጫፍ በትራቸውን ይዘው፣ መንዙማ እያሉ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ተሻግረው የሚያልፉት የዚሁ ተራራ ወንዞችን ነው። እናንተ ለጎብኚ ከምታስተዋውቁት የባሌ መስህብ ግማሹ የሚኖረው ሃረናና ሳነቴ ውሃ ስለሚይዙ ነው። የላይኛው ሲደርቅ የታችኛው ቀለም የተቀባ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን የምለምናችሁን ልንገራችሁ። ከባድ አይደለም።

ከሳነቴ አፋፍ እስከ ደሎ መና ባለው ደን ላይ እሳት ሲነሣ ተጠያቂ የሚሆን አንድ ሰው ሹሙ። ኮሚቴ አትላኩ። አንድ ሰው ይሁን፣ ስልኩን ሌሊት የሚያነሣ፣ ወሰኑ የዚያ ነው የዚህ ነው ሳይል መኪናና ሰው ማዘዝ የሚችል፤ የፌዴራሉም የክልሉም ሥልጣን በእርሱ እጅ ላይ የተገናኘ። ስሙንና ስልኩን በሪራ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ በካቻና በጎባ መናኸሪያ ላይ በትልቁ ጻፉልን።

በጋው ሳይገባ ለሪራና ለአካባቢው ጥበቃዎች መሣሪያ አስቀምጡ፤ አካፋ፣ የእሳት መጥረጊያ፣ ጫማ፣ ባትሪ፣ ብርድ ልብስ። ሌሊት ለወጣ ሰው የቀን አበል ይከፈለው፤ በፊርማና በወቅቱ። ሦስት ወር ቆይቶ የሚመጣ አበል ሰው ያስቀይማል። ከፓርኩ መግቢያና ከእንግዳ ማረፊያዎች የሚገባው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ ከእርሱ ውስጥ ለደኑ ሰዎች ስንት እንደደረሰ በየዓመቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ በዚያው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የተከፈለን ገንዘብ ሁሉም ሲያየው፣ ሰው ሌላውም እያዋጣ መሆኑን ያምናል።

ሽማግሌዎችን ጥሩ። የት ሊቃጠል እንደሚችልና የት ፈጽሞ እንደማይነካ፣ በየትኛው ወር፣ ማን ቆሞ እየጠበቀው እንደሆነ ከእነርሱ ጋር ተቀምጣችሁ ወስኑ። ክልከላውን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ክልከላውን አይተነዋል። ቡና ለማልማት ተብሎ ጥላው እየተመነጠረ ያለበትን ቦታ ደግሞ ራሳችሁ በእግር ሄዳችሁ እዩት። በመኪና አይታይም፤ ከመንገድ ዳር ያለው ዛፍ ሆን ተብሎ ይተዋል።

ከእንግዶቼ መካከል ባለፈው በጋ የተቃጠለውን የአስታ ቁልቁለት አይታ ያለቀሰች ሴት ነበረች። አገሯ ተራራ የበዛበት ነው፤ ደን ሲነድ ታውቃለች። ማን ነው የሚያጠፋው ብላ ጠየቀችኝ። የሪራ ሰዎች፣ አልኋት። ሌላስ? አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ውሸት መናገር ደግሞ አልፈለግሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጥያቄ አብሮኝ ይሄዳል፤ ለእናንተም የላክሁላችሁ እርሱን ነው።

ታኅሣሥ ሳይገባ መልሳችሁን እንጠብቃለን። መልሱን ለእኔ መላክ አያስፈልግም፤ ለሪራ ቀበሌ ላኩት። ጠዋት ከጎባ ወደ ደሎ መና ለሚወርደው መኪና ከሰጣችሁት በዚያው ቀን ይደርሳል፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ለሽማግሌዎቹ ያነብላቸዋል።

አክባሪያችሁ፣
የጎባ አስጎብኚ